ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም፤ ስለ መንገድ ርዝመትና ስለ ጉዞ ጊዜ



ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ደብዳቤ ቢደርሳችሁና በውስጡ «ለመንግሥት ሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲሄዱ ታዝዘዋል» የሚል ቃል ብታገኙ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ነገር ምን ይሆን? ስለ አየሩና ስለ ገበያው ከመጠየቃችሁ በፊት «ፍኖተ ሰላም ምን ያህል ይርቃል?» እንደምትሉ አልጠራጠርም። የውሎ አበላችሁን የሚያሰላው ሒሳብ ሹም «387 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» ይላችኋል። ወደ ካርታ ሠሪ ብትሄዱ ማስመሪያውን በካርታው ላይ ጋድሞ «245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» ይላችኋል። ከዚያው አገር የመጡ አንድ አረጋዊ ብታገኙ ግን «በደኅናው ጊዜ ነው ወይስ በክፉው? በበጋ ነው ወይስ በክረምት?» ብለው ጥያቄያችሁን በጥያቄ ይመልሱላችኋል።

ከሦስቱ መልሶች ማናቸውም ሐሰት አይደለም። የሒሳብ ሹሙ የመኪናውን መንገድ፣ ካርታ ሠሪው ቀጥታውን መሥመር፣ አረጋዊው ደግሞ የሰውን ዕድሜ የሚበላውን ጊዜ መናገራቸው ነው። በዛሬው ጽሑፌ እነዚህን ሦስት መለኪያዎች እያነጻጸርሁ፣ የጎጃም መንገድ በየዘመኑ እንዴት እንዳጠረና እንዴት እንደረዘመ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር ምሳሌ እናምጣ። ከለንደን እስከ ፓሪስ ያለው ርቀት በቀጥታ መሥመር ቢለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለውም በዚሁ ዐይነት ቢለካ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ በካርታ ሠሪው ማስመሪያ ከሄድን እንግሊዛዊው ወደ ፓሪስ የሚያደርገው ጉዞና አዲስ አበቤው ወደ ባሕር ዳር የሚያደርገው ጉዞ እኩያሞች ናቸው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የሁለቱ መንገዶች ታሪክ እጅግ የተለያየ ነው።

በለንደንና በፓሪስ መካከል በየቀኑ የሚመላለስ አይሮፕላን የተጀመረው ነሐሴ 19 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት ከለንደን አጠገብ ካለው ከሃውንስሎ ሜዳ የተነሣው አይሮፕላን ዴ ሃቪላንድ በሚባለው መሐንዲስ የተነደፈ ሲሆን፣ የጫነውም አንድ ጋዜጠኛ መንገደኛ፣ ጥቂት ጋዜጣ፣ ጥቂት ቆዳ፣ የታደኑ የዱር ወፎችና የወተት ቅባት ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ በኋላም ፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ አረፈ። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬ በጄት አይሮፕላን የሚሄደው ሰው ያንኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አይሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን መንገደኛው ከቤቱ እስከ አይሮፕላን ማረፊያው፣ ከማረፊያውም እስከሚሄድበት ቤት የሚያጠፋው ጊዜ አልቀነሰለትም። ስለዚህ ነው በ1986 ዓ.ም. ከባሕር በታች የተከፈተው የምድር ባቡር መንገድ፣ ከከተማ መካከል አንሥቶ ከከተማ መካከል በሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ስለሚያደርስ፣ ከአይሮፕላኑ ብዙ መንገደኛ ሊወስድበት የቻለው። በአየር ላይ የሚያልፈው ሰዓት አንድ ነገር ነው፤ የጉዞው ሰዓት ሌላ ነገር ነው።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተኛው ባሕር፣ ቀጭን በሆነበት ስፍራ ስፋቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ሆኖም ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለቱን አገሮች ለያይቶ ኖሯል። ሐምሌ 18 ቀን 1901 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ብሌርዮ በአይሮፕላን ይህን ባሕር በ37 ደቂቃ ያህል ተሻገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግሊዝ ደሴት መሆኗ ቀረ ተብሎ በየጋዜጣው ተጻፈ።

ጎጃምም እንደ እንግሊዝ ደሴት ነበር ብል አጋነንህ አትበሉኝ። ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት የሚዞረው ዓባይ ከሸዋም ከቤጌምድርም ከወለጋም ይለየዋል። ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎሐ ጽዮን በበረሃው አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከማዶ ያለችው ደጀንም እንዲሁ በአፋፍ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል በቀጥታ ቢለካ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሰማዩ ጠርቶ በሚውልበት ቀን አንዱ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሌላውን ገደል አጥርቶ ያየዋል። መንገዱ ግን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አፋፉ ላይ ካባ የሚያስደርበው ብርድ፣ ከታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሐሩር ይሆናል። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ውኃው ብዛት ቢሆንም፣ ገደሉን ወርዶ ለወጣ መንገደኛም ይስማማዋል።

አሁን ደግሞ መኪና ባልነበረበት ዘመን የነበሩት አባቶቻችን ይህን መንገድ እንዴት ይቆጥሩት እንደ ነበር እንመልከት። ለእነርሱ መንገድ የሚለካው በቀን ነበር። «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የሦስት ቀን መንገድ»፣ «ለእግረኛ አምስት፣ ለበቅሎ አራት ቀን» ይባል ነበር። ይህ አነጋገር ለእኛ ግምት ይመስለናል እንጂ በውስጡ ብዙ ዕውቀት ነበረበት፤ ዳገቱን፣ ጭቃውን፣ የውኃ መጠጫውን፣ የማደሪያውን ቦታ ሁሉ አንድ ላይ አስቦ የያዘ መለኪያ ነውና። አንድ ጭነት የተጫነ አጋሰስ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብናስብ፣ የዛሬው የ387 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ15 ቀን በላይ ይወስዳል። በዚህ ላይ የሰንበትን ዕረፍት፣ የበቅሎውን ጀርባ መቁሰል፣ በየኬላው ለቀረጥ መቆምን ስትጨምሩበት ወር ሊጠጋ ይችላል።

ይህ ሁሉ በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፤ ከዓባይም በቀር በመንገዱ ላይ የሚገኙት እንደ ተምጫ፣ እንደ ብርና እንደ ፈጣም ያሉት ወንዞች መሻገሪያቸውን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ የጎጃም ሰው ከሸዋ ወሬ የሚሰማው ከመስቀል በኋላ ነበር። ሲራራ ነጋዴውም ከዓባይ ወዲያ ማዶ ካሉት ከጉድሩና ከእናርያ የሚመጣውን ቡናና ወርቅ፣ ቆዳና ዝባድ በባሶና በቡሬ ገበያ የሚያገኘው ወንዙ ሲጎድል ነው። ቡሬ ስሟ በንግድ የታወቀው በዋዛ አይደለም፤ ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ መውረጃ በሚሆነው አፋፍ አጠገብ የተቀመጠች በመሆኗ ነው። ዛሬም ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ከዋናው የሚገነጠለው ከዚያችው ከቡሬ ነው። መኪናው የነጋዴውን በቅሎ ተተካ እንጂ የአገሩ አቀማመጥ የወሰነው መስቀለኛ መንገድ አልተለወጠም።

ወንዙን በድንጋይ ለመግራት የተሞከረውም ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብና ከሞጣ በታች በኖራ የተገነቡት ሁለት ድልድዮች የጎንደር ነገሥታት ሥራዎች ናቸው። ከሞጣ በታች ያለው በጠላት ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሁለቱ ማዶ ሰዎች ወገባቸውን በገመድ ታስረው እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። ልብ በሉ፤ የጎደለው ጥቂት ሜትር ነው። በኪሎ ሜትር ለሚቆጥር ሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ልጇን ታቅፋ ወደ ሐኪም ለምትሄድ እናት ግን ያች ክፍተት ከመቶ ኪሎ ሜትር ትበልጥባታለች።

ይህን አገር በመሣሪያ ለመለካት የሞከሩ የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ። ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው የእስፓኝ ካህን በ1610 ዓ.ም. ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን አየ፤ እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ከዚያው ደረሰ። ግሽ ዓባይ የሚገኘው በሰከላ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ዋና ከተማው በሆነችው በምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። ብሩስ ፀሐይንና ከዋክብትን በመሣሪያ አይቶ ምንጩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፍራ ላይ መሆኑን ጻፈ፤ ዛሬ በሳተላይት የሚለካውም ከዚያ እጅግ አይርቅም። ኋላም በ1830ዎቹ ዓመታት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ጎጃምን እየዞረ ስለ ገበያውና ስለ መንገዱ ጻፈ፤ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ አገሩን በማዕዘን ለካ። እነዚህ ሰዎች ግሽ ዓባይ የት እንደ ሆነ በዲግሪ ለማወቅ ችለዋል። ከዚያ ለመድረስ ግን የአገሩን ባላባት ፈቃድ፣ የመንገድ መሪውን ታማኝነትና የጦርነቱን ማብቃት እየጠበቁ ወራትና ዓመታት ማሳለፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዋክብቱ ርቀቱን ነገሯቸው፤ ጊዜውን የወሰነው ግን ሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ አይሮፕላን መጣ። የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነጂው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመና መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል እስከ ካይሮ አደረገ። የተነሣባቸውም አምስት ዳኮታ አይሮፕላኖች ነበሩ። ዳኮታ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርር ነበርና፣ ካርታ ሠሪው የነገረንን 245 ኪሎ ሜትር ይዘን ብናሰላ ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ከአንድ ሰዓት በታች ትሆናለች። የአጋሰሱ 15 ቀን ወደ አንድ ሰዓት ወረደ ማለት ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚበርሩት መካከል፣ ያች በ1911 ዓ.ም. ከለንደን የተነሣችው አይሮፕላን የምትጠራበትን የዴ ሃቪላንድን ስም የያዙ፣ በካናዳ የተሠሩ አይሮፕላኖች አሉ። የሚወስድባቸውም አንድ ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ በአየር በኩል ከተመለከትነው ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ያላት ርቀትና ፓሪስ ከለንደን ያላት ርቀት በካርታም በሰዓትም ተመሳሰሉ። ሆኖም ባሕር ዳር የወረደው መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ገና ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና መንገድ ይቀረዋል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ገጠር ለሚገባው ደግሞ፣ አይሮፕላኑ ያተረፈለትን ሰዓት ሁሉ የመጨረሻዋ የእግር መንገድ ትወስድበታለች። ፈጣኑ መንገድ ከተማን ከከተማ ያቀራርባል፤ ገበሬውን ከከተማው የሚያቀራርበው ግን ጥርጊያው፣ ትንሹ ድልድይና የበጋው መንገድ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የመንገድ ርዝመትና የጉዞ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው የ1933 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከነበሩበት ከእንግሊዝ አገር በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ባሕር ላይ በሚያርፍ አይሮፕላን ተነሥተው፣ በማልታ በኩል አድርገው በሁለት ቀን ውስጥ እስክንድርያ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ካርቱም ተሻገሩ። በመንገዱ ላይ በጦርነት የታመሰው የአውሮፓ ሰማይ ነበር፤ ሆኖም አብዛኛው ርቀት በጥቂት ቀናት አለቀ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ወሰን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከወሰኑ እስከ መናገሻው ከተማ 105 ቀን ፈጀባቸው።

ይህ ጊዜ በምን አለቀ? መጀመሪያ ያስቸገረው ምድሩ ነው። ከሱዳን ቆላ ወደ በላያ ተራራና ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። ግመል የቆላ እንስሳ ነውና ብርዱና ዳገቱ ፈጃቸው፤ እስከ አዲስ አበባ የዘለቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከ2,000 ሰው የማይበልጥ ሲሆን፣ በጎጃም የነበረው የኢጣልያ ጦር ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። ነገር ግን የጎጃም አርበኞች እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን በየምሽጉ ከትተው አስጨንቀውት ስለ ነበር፣ ለኢጣልያኑ ከአንዱ ምሽግ እስከ ሌላው ያለው አጭር መንገድ ረዥም ሆኖበት ቆይቷል። በየካቲት ወር መጨረሻ በቡሬ የነበረው ብዙ ሠራዊት ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ በመንገዱም በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ቆሞ የጠበቀውን አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ጦር ጥሶ አለፈ። በዚያ ቀን ብዙ ደም ፈሰሰ።

ያን ጊዜ በቡሬና በደምበጫ መካከል ባለው መንገድ ላይ ወጀት የምትባል ስፍራ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሲያልፉ «ፍኖተ ሰላም» ብለው ስም እንዳወጡላት ይነገራል። ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ። ጦር ባለፈበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ስም መሰጠቱ የዚያን ዘመን ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው ምን እንደ ነበር ያስታውቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከምድሩም ከጦርነቱም የተለየ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባን ያዘ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በበቅሎ እንኳ ቢሄዱ 12 ቀን ይበቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የገቡት ከ29 ቀን በኋላ ነው። የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት በከተማው ያሉትን ኢጣልያውያን ደኅንነት ምክንያት አድርገው ጉዞው እንዲዘገይ ስለ ፈለጉ፣ በደብረ ማርቆስ ብዙ ቀን ቆዩ። እዚህ ላይ መንገዱን ያስረዘመው ዓባይ አይደለም፤ ገደልም ግመልም አይደለም። ያስረዘመው ከጠረጴዛ ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሰው ፈቃድ ነው።

ከነጻነት በኋላ መንገድን በሥርዓት የሚሠራና የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት እንደሚያስፈልግ ታሰበ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ተገኝቶ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የጎጃም መንገድ በየጊዜው እየተጠገነና እየሰፋ ሄደ። በዓባይ በረሃ የነበረው ጠባብ አሮጌ ድልድይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሎ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ አጠገቡ ተከፈተ። መንገዱ ደኅና በሆነበት ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ጎሐ ጽዮንን፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጂጋን አልፎ ጀምበር ሳትጠልቅ ፍኖተ ሰላም ይገባል። የአጋሰሱ 15 ቀን አንድ ቀን ሆነ።

ነገር ግን አረጋዊው «በደኅናው ጊዜ ነው ወይስ በክፉው?» ያሉትን አንርሳ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎጃም መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በዚያው ወር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ እንኳ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ከቦታው አልተነቀለም፤ ዓባይም ገደሉን አላሰፋም። ሆኖም መንገዱ በተዘጋበት ቀን ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር መራቋ ቀርቶ፣ ከብሩስ ዘመን ይልቅ ትርቃለች። የታመመው ሰው መድኃኒቱን፣ ተማሪው መጽሐፉን፣ ገበሬው ማዳበሪያውን፣ ነጋዴውም በቆሎውንና በርበሬውን የሚያሻግርበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ የመንገድ መለኪያው ኪሎ ሜትርም ሰዓትም ብቻ አይደለም፤ ሰላምም ነው። የከተማዋ ስም ይህን ከተናገረ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ እንምጣ፤ ይህም በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁትን እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከሰከላ ወይም ከቡሬ ገጠር የሚመጣ አንድ ባላገር፣ ስለ መሬቱ ወይም ስለ ልጁ ጉዳይ ማመልከቻ ይዞ፣ ዶሮ ሲጮህ ከቤቱ ይነሣል። በእግሩ ጥርጊያውን ወጥቶ ከመኪና ይሳፈራል፤ ጫማውን አራግፎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ከመሥሪያ ቤት በር ይቆማል። እስከዚህ ድረስ የመጣበትን መንገድ ካርታ ሠሪው ሊለካው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለችውን፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለችውን ዐሥር እርምጃ ግን የሚለካት መሣሪያ የለም። «ነገ ተመለስ» ከተባለ ያች ዐሥር እርምጃ ሁለት ቀን ሆነች። «ፋይሉ አልተገኘም» ከተባለ ሳምንት ሆነች። «ኃላፊው ለስብሰባ ወጥተዋል» ከተባለ ደግሞ መጨረሻዋ የማይታወቅ ሆነች። በደብረ ማርቆስ ንጉሠ ነገሥትን ያህል ሰው ያቆመው ነገር በየቀኑ አንድን ባላገር ሊያቆመው ይችላል፤ ልዩነቱ ባላገሩን የታሪክ መጽሐፍ የማይጽፍለት መሆኑ ነው።

«የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይባላል። በእጃችን ያለውን፣ በአጠገባችን የቆመውን ማቃለል የሰው ልማድ ነው። አውራ ጎዳናና ድልድይ የሚሠራው በብዙ ገንዘብና በብዙ ዘመን ነው፤ የእንግሊዝን ባሕር ለመሻገር ብሌርዮ ሕይወቱን ለአደጋ ጥሏል፤ የዓባይን ገደል ለመግራት የስንቱ ሠራተኛ ላብ ፈስሷል። ይህ ሁሉ ድካም የሚያበቃው ሰው ጉዳዩን በሚፈጽምበት ጠረጴዛ ፊት ነው። ያ ጠረጴዛ ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ሰባራ ድልድይም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ከበስተ ጀርባው የተቀመጠው ሰው ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ፍኖተ ሰላም ምን ያህል ይርቃል ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ለውሎ አበሉ ሲባል «387 ኪሎ ሜትር ያህል» ብላችሁ መመለሳችሁ ትክክል ነው፤ ሒሳብ ሹሙ ሌላ መልስ አይቀበላችሁምና። በልባችሁ ግን አረጋዊው የነገሩንን ያዙ። መንገዱ በሰላም በተከፈተበት ቀን፣ ድልድዩ በተጠገነበትና ደብዳቤው በጊዜው በተፈረመበት ቀን ፍኖተ ሰላም ቅርብ ናት። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለ ቀን ግን በአይሮፕላን ቢሄዱባትም ሩቅ ናት። ሰላሙና ድልድዩ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። ደብዳቤውን ዛሬ መፈረም ግን በእያንዳንዳችን እጅ ነው።